ጓሮ፣ ጋራዥ፣ ሼድ
(የሻሸመኔ የመሥሪያ ቦታ ታሪክ በሦስት ቃላት)

አንዳንድ ቃል ባሕር ሲሻገር ሙያውን ይቀይራል። «ጋራዥ» በትውልድ አገሩ በፈረንሳይ የመኪና ማሳደሪያም መጠገኛም ነው። እኛ አገር ሲገባ ግን መኪና ማሳደሩን ትቶ መኪና ማከሙን ብቻ ያዘ። ለማደሪያውማ ግቢ አለ፤ ግቢ ከሌለ በር ላይ፣ ዘበኛ ከተገኘ ደግሞ መንገድ ዳር። «መኪናዬ ጋራዥ ገብቷል» ያለ ሰው ለከንፈር መጠጣ እንጂ ለእንኳን ደስ ያለህ አይደለም።

«ሼድ»ም እንዲሁ ነው። በእንግሊዝኛ ሼድ ማለት ከቤት ጀርባ፣ ከጓሮ ጥግ የምትቆም ትንሽ ጎጆ ናት፤ አካፋው፣ መጋዙ፣ የቀለም ቆርቆሮው፣ ያረጀው ብስክሌት የሚከተትባት። በእኛ ከተሞች ደግሞ ሼድ ሲባል ዓይናችን ላይ የሚመጣው ረጅም የቆርቆሮ አዳራሽ ነው። መንግሥት ይሠራዋል፣ ሪባን ይቆረጥለታል፣ ቁልፉ «ለተደራጁ ወጣቶች» ይሰጣል፣ ዜናው በማታው የቴሌቪዥን እወጃ ይነገራል። እነሱ ሼዳቸውን ጓሯቸው ያቆሙታል፤ እኛ የእኛን ከቢሮ እንጠብቀዋለን።

ነገሩ የቃላት ጨዋታ ብቻ ቢሆን ስቀን ባለፍነው። ግን ከጀርባው አንድ ጥያቄ አለ። ግቢው ውስጥ መኪና የሚጠግን አንድ መካኒክ፣ ዕቃ ማስቀመጫ የምትሆን አንዲት ክፍል ጓሮው ውስጥ ለማቆም ለምን ያመነታል? ካቆማትስ በኋላ ዕቃውን አስወጥቶ ለምን ያከራያታል? መልሱ ከቆርቆሮና ከምስማር ዋጋ ይልቅ ከታሪክ ጋር የተያያዘ ይመስለኛል። ይህን ታሪክ ለመናገር ደግሞ ከሻሸመኔ የተሻለ ከተማ ለማግኘት ይከብዳል።

ብረት የሚያውቅ፣ መሬት የሌለው

ከመኪናው እንነሳ። የመጀመሪያዋ አውቶሞቢል አዲስ አበባ የገባችው በ1900 ዓ.ም. ነው። ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ሲድሌይ የምትባል መኪና እየነዳ በረሃውንና ዳገቱን አልፎ ለአፄ ምኒልክ አደረሰ። በዚያው 1900 ዓ.ም. ንጉሡ አንድ አዋጅ አስነገሩ። ብረት የሚቀጠቅጠውን፣ ቆዳ የሚፍቀውን፣ ሸማ የሚሠራውን ሰው በሙያው እየጠሩ መስደብ እንዲቀር የሚያዝ አዋጅ ነው። ሁለቱ ነገሮች በአንድ ዓመት መገናኘታቸው አጋጣሚ ነው። ቢሆንም ሞተር ወደ አገሩ የገባው ብረት ሠሪ መሰደብ በለመደበት ዘመን እንደነበረ ያስታውሰናል።

ስድቡ የአፍ ብቻ አልነበረም፤ ከመሬት ጋርም ይያያዝ ነበር። በብዙ የአገሪቱ ክፍሎች፣ በተለይ በደቡብ፣ ብረት ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋና ቆዳ ፋቂው ከመንደሩ ዳር የሚኖሩ፣ እንደ ገበሬው መሬት የማይቆጠርላቸው ሰዎች ነበሩ። ማረሻ ሠርቶ የሚሰጠው ሰው የሚያርሰው መሬት አልነበረውም። ወናፉን የሚነፋው በዳስ ሥር ወይም ከጎጆው ፊት ባለች ጥላ ውስጥ ነው። ተነስ ሲባል ወናፉንና መዶሻውን ይዞ ይነሳል።

ይህን ነጥብ ያዙልኝ፤ ሥራው የሚያስፈልግ፣ የሚሠራበት ቦታ ግን የራሱ ያልሆነ ሰው። ዘመኑ እየተለወጠ፣ ዳሱ ወደ ጋራዥ እያደገ ሲሄድም ይህ ሰው ተመልሶ ይመጣል።

አራት መንገድ፣ አንድ ከተማ

ሻሸመኔ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። በንጉሡ ዘመን በሸዋ ጠቅላይ ግዛት፣ በሐይቆችና ቡታጅራ አውራጃ ውስጥ ነበረች። ከተማዋን ከተማ ያደረጋት ቤተ መንግሥት ወይም ትልቅ ደብር አይደለም፤ መንገድ ነው። ከሰሜን በሞጆ፣ በመቂ፣ በዝዋይና በአርሲ ነጌሌ በኩል የመጣው መንገድ ሻሸመኔ ላይ ይበተናል። አንዱ በሐዋሳና በዲላ አድርጎ እስከ ሞያሌ ይወርዳል፤ ሁለተኛው በአላባ በኩል ወደ ወላይታ ሶዶና አርባ ምንጭ ያመራል፤ ሦስተኛው በኮፈሌና በዶዶላ ወደ ባሌ ይወጣል።

የመንገዱ ነገር ደግሞ ሁለት ባለዕዳዎች አሉት። የመጀመሪያው ጣሊያን ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየው ወረራ መንገድ ተቆረጠ፣ የጭነት መኪና በብዛት ገባ። ጣሊያን ተሸንፎ ከወጣ በኋላም ብዙ መኪናዎችና ጥቂት የማይባሉ ጣሊያናውያን መካኒኮች እዚሁ ቀሩ። «ትሬንታ ኳትሮ» የምንለው የፊያት ጭነት መኪና ስሙን እንደያዘ የእኛ ሆነ፤ በኋላም «ኤንትሬ» ተከተለው። ሁለተኛው ባለዕዳ የዓለም ባንክ ነው። በመስከረም 1943 ዓ.ም. ባንኩ ለአፍሪካ የሰጠው የመጀመሪያ ብድር ለኢትዮጵያ ሲሆን ከዚያ ውስጥ 5 ሚሊዮን ዶላሩ ለመንገድ የተመደበ ነበር። በዚያው ዓመት የአውራ ጎዳና መሥሪያ ቤት ተቋቋመ። መኪናውም በአውራ ጎዳናው ላይ በዛ።

መኪና የትም ሊበላሽ ይችላል፤ ለመጠገን ግን ሰው፣ ዕቃና ሻይ ቤት የሚገኝበት ቦታ መድረስ አለበት። ወደ ሞያሌ የሚወርድ ሹፌር ሻሸመኔ ሲደርስ ፍሬኑን ያሳያል፤ ከባሌ ተራራ የወረደው ባሌስትራው ተሰብሮ ይመጣል፤ ከአርባ ምንጭ የሚመለሰው ሙዙን እንደጫነ ጎማ ያስለጥፋል። በ1960ዎቹ መጀመሪያ አካባቢ ደግሞ በሻሸመኔና በአርሲ ነጌሌ ዙሪያ በትራክተር የሚታረስ ሰፊ እርሻ እየተስፋፋ ሄደ። ብዙ ጭሰኛ በትራክተሩ ምክንያት ከመሬቱ ተፈናቀለ። ትራክተሩም ራሱ ይበላሻልና መካኒክ ፈለገ።

የሙያው ትምህርት ቤት ግን አልነበረም ማለት ይቻላል። ሙያው የሚወረሰው በረዳትነት ነው፤ መጀመሪያ ናፍጣ ማጠብ፣ ቀጥሎ ቁልፍ ማቀበል፣ ከዓመታት በኋላ ሞተር መክፈት። ውርሱ እስከ ዛሬ በአፋችን ላይ አለ። ካቻቪቴ፣ ሞርሳ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ካንዴላ፣ ፓራፋንጎ፣ ላሜራ፣ ቶርኖ፣ ጎሚስታ፤ ይህን ሁሉ የሚናገር የሻሸመኔ ልጅ ጣሊያንኛ ተናገርክ ቢባል ይስቃል። ቃሉን ከአለቃው፣ አለቃው ከአለቃው፣ እሱ ደግሞ ምናልባት ከአንድ ተስፋ ቆርጦ እዚህ ከቀረ የፊያት መካኒክ ሰምቶት ነው።

ሰባት ካሬ ሜትር

አሁን ግቢ ውስጥ እንግባ። የድሮው የሻሸመኔ ግቢ ሥርዓት አለው። ፊት ለፊት በሩና አጥሩ፣ መሐል ላይ የባለቤቱ ቤት፣ ከጀርባ ማድ ቤቱና ሽንት ቤቱ፣ ከዚያ ወዲያ ጓሮ። ጓሮ ማለት ጎመን፣ ጌሾ፣ እንሰት፣ አንዳንዴም ሁለት እግር ጫት ማለት ነው። የሴቶች ግዛት ነው፤ የቤቱ ጓዳ ከጣሪያ ውጭ ሲቀጥል ጓሮ ይባላል።

መካኒኩ ደግሞ ፊቱን ይይዛል። ከበሩ ገባ ብሎ ቆርቆሮ ይዘረጋል፣ ጉድጓድ ይቆፍራል፣ ጠረጴዛ ላይ ሞርሳ ያስራል፤ ጋራዥ ተከፈተ። የመጀመሪያው ዓመት ጥሩ ነው። በሁለተኛው ዓመት አንድ ችግር ይጀምራል፤ ዕቃ ይከማቻል። የመካኒክ ሀብት የሚጣል ነገር ስለሌለው ነው። የተቃጠለው ሞተር ነገ ቦሎን ይወጣለታል። የተሰበረው ካምቢዮ አንድ ደህና ጥርስ አለው። ባለቤቱ ጥሎት የሄደው በር አንድ ቀን ይፈለጋል። የተቃጠለ ዘይት በበርሜል፣ ያረጀ ጎማ በቁልል፣ «ለጊዜው እዚህ ትቀመጥ» የተባለች ሙሉ ላንድ ክሩዘር፤ ሁሉም ግድግዳ እየተደገፈ ወደ መሐል ይመጣል።

እስኪ እናስላው። አንድ ፒክአፕ መኪና ርዝመቱ 5 ሜትር፣ ስፋቱ 1.8 ሜትር ገደማ ነው። ዙሪያውን ሰው እንዲሠራ በየጎኑ 1 ሜትር ብንተው 7 በ3.8፣ ማለትም ወደ 27 ካሬ ሜትር ይፈልጋል። በ7 ሜትሩ ግድግዳ ጥግ አንድ ሜትር ስፋት ያለው የዕቃ ክምር ከተቀመጠ ደግሞ 7 ካሬ ሜትር ሄደ፤ ከመሥሪያ ቦታው ሩብ ያህሉ ማለት ነው። መኪናው አሁንም ይገባል። የማይገባው ሰው ነው። በአንድ በኩል በሩ አይከፈትም፣ ረዳቱ በሆዱ እየተሳበ ያልፋል፣ ብየዳው የሚሠራው ከዘይት በርሜሉ በሁለት እርምጃ ርቀት ነው። ሁለት መኪና የሚችል ጋራዥ አንድ ብቻ ይችላል፤ ገቢውም በዚያው መጠን ይወርዳል።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ጓሮ ውስጥ 4 ሜትር በ3 ሜትር የሆነች ክፍል ማቆም ነው፤ 12 ካሬ ሜትር። የባሕር ዛፍ ቋሚ፣ ማገር፣ በጭድ የተቦካ ጭቃ፣ ላይዋ ቆርቆሮ። ጭቃ ቤት መሥራት አገሩ ሁሉ የሚያውቀው ጥበብ ነው። ጥቂት ነገር ማወቅ ግን ያስፈልጋል። ቆርቆሮ ሲገዛ የጌጅ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ቆርቆሮው እንደሚሳሳ ነጋዴው ሁሌ አይነግርም። ወለሉ ከመሬት ከፍ ካላለ የክረምት ጎርፍ ዕቃውን ያዝገዋል። በሩ ሞተር በጋሪ የሚያስገባ ስፋት ይፈልጋል። ዘይትና ቤንዚን ከብየዳው ብቻ ሳይሆን ከማድ ቤቱ እሳትም መራቅ አለበት፤ ጓሮ ውስጥ ሁለቱ ጎረቤት ናቸውና። የጌሾውን መደብ ለመውሰድም የእናትየዋ ፈቃድ ግድ ነው። ይህ የመጨረሻው ከማዘጋጃ ቤት ፈቃድ ይከብዳል የሚሉ አሉ።

የሰው አገር ጓሮ

ይህች ትንሽ ክፍል ምን ልትሠራ እንደምትችል ለማየት አንድ ጊዜ ከአገር እንውጣ። እ.ኤ.አ. በ1938 መገባደጃ፣ በእኛ 1931 ዓ.ም.፣ በካሊፎርኒያ ፓሎ አልቶ ከተማ፣ አዲሰን ጎዳና ቁጥር 367 ላይ አንድ ቤት ተከራዮች አገኘ። ዴቪድ ፓካርድና ባለቤቱ ሉሲል የታችኛውን ቤት ያዙ። ቤቱን የመረጡት ከጀርባው አንድ መኪና የሚያሳድር ጋራዥ ስለነበረው ነው። ኪራዩ በወር 45 ዶላር ነበር። ጓደኛው ዊሊያም ሂውሌት የት እንደተኛ ታውቃላችሁ? ጓሮ ውስጥ በነበረችው ሼድ! ወለሏ አፈር ነበር።

በ538 ዶላር ካፒታል ጋራዡ ውስጥ የጀመሩት ሥራ ሂውሌት ፓካርድ የተባለውን ኩባንያ ወለደ። ከመጀመሪያ ምርቶቻቸው አንዱ የድምፅ ሞገድ የሚያመነጭ መሣሪያ ነው። ዋልት ዲስኒ ኩባንያ «ፋንታሲያ» ለተባለው ፊልሙ ስምንት ገዛቸው። እ.ኤ.አ. በ1989 ጋራዡ የካሊፎርኒያ ታሪካዊ ቅርስ ተብሎ «የሲሊኮን ሸለቆ የትውልድ ቦታ» የሚል ጽሑፍ ተተከለበት።

ዓለም ስለ ጋራዡ ያወራል፤ ስለ ሼዷ የሚያወራ ጥቂት ነው። ግን አስቡት። ሂውሌት አልጋውን ጋራዡ ውስጥ ቢዘረጋ ጠረጴዛው የት ይቆም ነበር? ጋራዡን የመሥሪያ ቦታ ያደረገችው ከጎኑ የነበረችው ጎጆ ናት።

በእርግጥ ልዩነቱ ብዙ ነው። እነሱ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ነበራቸው፣ መምህራቸው ፍሬድሪክ ተርማን ነበር፣ ገበያም ነበራቸው። የሻሸመኔው ረዳት ያለው አለቃና ካቻቪቴ ነው። ንጽጽሩን የማቀርበው ለአንድ ነገር ብቻ ነው። እዚያ ሰው ጓሮ ቤት በመተኛቱ ማንም ቤቱን አልወረሰም። እዚህ ግን ሰው የተኛበት የጓሮ ቤት ሌላ ታሪክ ነበረው።

ሐምሌ 19 ቀን 1967

ከአብዮቱ በፊት በነበሩት ዓመታት ሻሸመኔ ውስጥ የጓሮ ክፍል መሥራት ትርፋማ ነበር። ከወላይታ፣ ከከምባታ፣ ከሐዲያ፣ ከጉራጌ፣ ከሰሜንም የሚመጣ ሰው ማደሪያ ይፈልጋል። ባለ ግቢው ከማድ ቤቱ ጎን ሁለት ሦስት ክፍል ይቀጥላል፤ «ሰርቪስ» ይላታል፣ ያከራያታል። የመካኒኩ ስቶር ልትሆን የምትችለው ክፍል የአንድ ላስቲክ ጫማ ነጋዴ ወይም የአንድ አስተማሪ መኝታ ትሆናለች። ስሌቱ ግልጽ ነው። ዕቃ ኪራይ አይከፍልም፣ ሰው ይከፍላል።

ከዚያ 1967 መጣ። የካቲት 25 ቀን የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆነ። ከአምስት ወር በኋላ፣ ሐምሌ 19 ቀን፣ አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። አንድ ሰው ወይም አንድ ቤተሰብ ሊይዝ የሚችለው የመኖሪያ ቤት አንድ ብቻ ሆነ። ለመኖሪያ የሚሰጠው ቦታም ከ500 ካሬ ሜትር አይበልጥም ተባለ። የተከራየ ቤት ሁሉ ትርፍ ነው። ኪራዩ በወር ከ100 ብር በታች የነበረው በቀበሌ ሥር ገባ፤ ከዚያ በላይ የነበረው ወደ ኪራይ ቤቶች ሄደ።

አዋጁን መኮነን ብቻ ሐቀኛ አይሆንም። ብዙ ሺህ ተከራይ ከአከራይ ጫና ተላቋል፣ ኪራይ ቀንሶለታል። «መሬት ለአራሹ» ብሎ የጮኸ ትውልድ ለከተማው ድሀም አንድ ነገር ፈልጎ ነበር። በገጠሩም ቢሆን በዚያ በሻሸመኔ ዙሪያ በትራክተር ለተፈናቀለው ጭሰኛ የካቲት 25 ቀላል ቀን አይደለም።

ለእኛ ጉዳይ ግን ውጤቱን እንይ። በአንድ አጥር ውስጥ ሁለት ባለቤት ተፈጠረ። ፊት ያለው ቤት የሰውየው፣ ጓሮ ያለችው ክፍል የቀበሌ። ሽንት ቤቱ የጋራ፣ በሩ የጋራ፣ ጭቅጭቁም የጋራ። የቀበሌ ቤት ተከራዩ ኪራዩ ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ግድግዳ መግፋትም ሆነ ክፍል መቀጠል አይችልም፤ ቀበሌውም በዚያች ኪራይ ጣሪያ አያድስም። ባለ ግቢው ደግሞ ለትውልድ የሚተርፍ ትምህርት ተማረ፦ ጓሮህ ውስጥ ጣሪያ ያለው ነገር አታብዛ። ሕጉ ለራስ ሥራ የሚያገለግል ቤትን በፈቃድ መያዝን አልከለከለም ነበር። ነገር ግን ስቶርና ትርፍ ቤትን የሚለየው አንድ አልጋ ብቻ ሲሆን፣ ያንን ልዩነት ለቀበሌ ሊቀመንበር ማስረዳት የሚፈልግ ማን አለ?

የሻሸመኔ መሬት በዓለም የታወቀበትም ታሪክ በዚሁ ዓመት ነው የተሰበረው። አፄ ኃይለ ሥላሴ በ1940ዎቹ መጀመሪያ በዓለም ዙሪያ ላሉ ጥቁር ሕዝቦች ከሻሸመኔ አጠገብ አምስት ጋሻ፣ ማለትም 200 ሄክታር መሬት ሰጥተው ነበር። ስጦታው ያለፈው ዶክተር መላኩ በያን ኒውዮርክ ውስጥ ባቋቋሙት የኢትዮጵያ የዓለም ፌዴሬሽን በኩል ነው። ንጉሡ ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ጃማይካን ከጎበኙ በኋላ የራስ ተፈሪያን መምጣት በረታ። በ1967 ግን ከመሬቱ አብዛኛው ተወሰደ። በንጉሥ ፊርማ የተሰጠ መሬት እንዲህ ከሆነ፣ ጓሮ ውስጥ ያለ ፈቃድ የቆመች 12 ካሬ ሜትር ምን ዋስትና አላት?

ሼዱ ከላይ ሲመጣ

ደርግ በ1983 ወደቀ፤ የከተማ ቦታ ግን የመንግሥት እንደሆነ ቀረ። በ1986 የመጀመሪያው የሊዝ አዋጅ ወጣ። በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ካለ በኋላ፣ በዚሁ በአንቀጽ 40 ላይ፣ ማንም ኢትዮጵያዊ በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ በመሬት ላይ ለሚገነባው ቋሚ ንብረት ሙሉ መብት እንዳለው ይናገራል። አፈሩ የእኔ አይደለም፣ ግድግዳው ግን የእኔ ነው እንደማለት ነው።

ወጣቱ ሥራ አጥ ሲበዛ መንግሥት በ1990 የጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት ስትራቴጂ አወጣ። ከ1997 ምርጫ በኋላ ደግሞ ጉዳዩ የዳቦ ብቻ ሳይሆን የፖለቲካም ሆነ፤ የወጣቶች ፓኬጅ የሚባል ነገር መጣ። «ሼድ» የሚለው ቃል የከተማ ልጅ ሁሉ አፍ የገባው በዚያን ጊዜ ነው። ተደራጅ፣ ማኅበር አቋቁም፣ ተመዝገብ፣ ሼድ ጠብቅ። ብረታ ብረት፣ እንጨት ሥራ፣ ብሎኬት፣ ልብስ ስፌት፤ ሁሉም በአንድ ረጅም ጣሪያ ሥር።

ሼዱ ጠቅሟል፤ ይህን መካድ አይቻልም። መብራት ባለሦስት ፌዝ ማስገባት ለአንድ ግለሰብ ከባድ ነው፣ ለአዳራሽ ግን ይቀላል። ጎረቤት በመዶሻ ድምፅ አይከስም። አባቱ ግቢ የሌለው ልጅ ደግሞ ጓሮ ሥራ ብንለው ይስቅብናል። ነገር ግን ሼዱ ሁለት ነገር ይዞ መጣ። አንደኛ፣ የሚሰጠው ለተወሰኑ ዓመታት ነው፤ ከዚያ «አድገሃል፣ ልቀቅ» ይባላል። ሁለተኛ፣ የሚሰጥ ነገር ሁሉ ሰጪ አለው፤ ሰጪ ያለው ነገር ደግሞ ሊነሳ ይችላል። ወረፋው፣ ዝርዝሩ፣ «ማን ነው የላከህ» የሚለው ጥያቄ የሼዱ አካል ሆነ። ከመንደር ዳር በዳስ ሥር ወናፍ ይነፋ የነበረውን ሰው ያዙልኝ ብዬ አልነበር? ይኸው ተመልሶ መጣ። አሁን ጥላው የኮንክሪት ወለል አለው፤ ግን አሁንም የራሱ አይደለም።

በዚህ ሁሉ መሐል ጓሮው የት ሄደ? ጓሮው ዝም ብሎ ተሞላ። በ2001 የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ትናንሽ ባለ አንድ ወለል ቤቶችን ቀለል ባለ ምድብ ያስቀመጣቸው ቢሆንም ፈቃድ ግን ይጠይቅ ነበር። ፈቃዱን የሚጠይቅ ሰው ደግሞ «ምን ልትሠራ ነው?»፣ «ካርታህ የታል?»፣ «ለማን ልታከራይ ነው?» የሚሉትን ጥያቄዎች በሐምሌ 19 ጆሮ ነው የሚሰማቸው። ስለዚህ ብዙው ሰው በሌሊት ይሠራል፣ ወይም አይሠራም። በሌሊት የተሠራች ክፍል ደግሞ መንገድ ሲሰፋና ካሳ ሲቆጠር የባለቤቷን አንገት ታስደፋለች።

አንድ አጥር፣ ሁለት ኪሳራ

ጓሮውን እያሞገስኩ አንድ ነገር ካልተናገርኩ ልክ አይሆንም። በሰኔ 2012 መጨረሻ፣ ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ በተነሳው ሁከት፣ ሻሸመኔ ውስጥ የሰው ሕይወት ጠፋ፣ ሱቅ፣ ሆቴልና መኖሪያ ቤት ተቃጠለ። የከተማዋ ሰው ያንን ሳምንት አይረሳውም። በዚያን ጊዜ ሥራውና ቤቱ በአንድ አጥር ውስጥ የነበረ ሰው በአንድ ቀን ሁለቱንም ሊያጣ እንደሚችል ታየ። ዕቃው ስቶር ውስጥ፣ ስቶሩ ጓሮ ውስጥ፣ ጓሮው ቤቱ ጀርባ። ክብሪት አንድ ነው።

እንግዲህ የመሥሪያ ቦታ ዋስትና ማለት የወረቀት ነገር ብቻ አይደለም። በ1967 የመጣው ስጋት ማኅተም ይዞ ነበር፣ በ2012 የመጣው ደግሞ እሳት። በሁለቱም ጊዜ ባለቤቱ ያጣው ግድግዳ ብቻ አይደለም፤ ለአሥርና ለሃያ ዓመት የሚያስብ ልቡንም ነው። ነገ የእኔ መሆኑን የማያውቅ ሰው ዛሬ የሚያስበው ፈጥኖ ስለሚመለስ ገንዘብ ነው። ጓሮውን ለስቶር ከመስጠት ለኪራይ የሚሰጠውም ለዚህ ነው። ስንፍና ወይም እውቀት ማጣት አይደለም። የታሪክ ስሌት ነው።

ለነገሩ ስሌቱን መቀየር ይቻላል። ሼድ መሥራት በሚሊዮኖች የሚቆጠር በጀት ይፈልጋል። አንድ መካኒክ ጓሮው ውስጥ 12 ካሬ ሜትር የዕቃ ማስቀመጫ እንዲያቆም መፍቀድ ግን አንድ ቅጽና አንድ ማኅተም ነው። 12 ካሬ ሜትር ከ500 ካሬ ሜትር ግቢ 2.4 በመቶ ብቻ ናት። የዘይቱ በርሜል ከብየዳው ይርቃል፣ ሁለተኛው መኪና ቦታ ያገኛል፣ አንድ ተጨማሪ ረዳት ቁልፍ ማቀበል ይጀምራል። ሪባን አይቆረጥላትም፤ የማታው ዜናም አይጠቅሳትም። ነገር ግን ሰጪ ስለሌላት «ልቀቅ» የሚላት የለም፤ ካርታው ላይ ከተሳለች ደግሞ በካሳ ጊዜ ትቆጠራለች።

ጓሮ ላለው ጓሮውን አምኖ መፍቀድ፣ ለሌለው ደግሞ ሼዱን ያለ «ማን ላከህ» መስጠት፤ ሁለቱ አይጣሉም። 1900 ዓ.ም. ላይ ምኒልክ ብረት ሠሪውን አትስደቡ አሉ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ዘመን አለፈ፣ ስድቡም በመጠኑ ቀነሰ። የቀረው ብረት ሠሪው ሞርሳውን የሚያስርበትን ጠረጴዛ ማንም እንደማይነቅልበት አውቆ እንዲያድር ነው።